«በደሙ ነው» ወይስ «ሠርቶ ነው»? የተሰጥኦና የሥልጠና ክርክር በከበሮና በቤዝቦል ሲፈተሽ

በድሬዳዋ የታዳጊ ተጫዋቾች ምልመላ በሚደረግባቸው ሜዳዎች ዳር፣ በሐረር ደግሞ ሠርግና ዚክሪ (በከበሮና በጭብጨባ የሚታጀበው መንፈሳዊ ዝማሬ) በተነሡ ቁጥር፣ አንድ ክርክር መቋጫ ሳያገኝ ይኖራል። አንዱ ወገን ጎበዝ ልጅ ሲያይ «ይኼ እኮ በደሙ ነው፤ በሥልጠና የሚመጣ አይደለም» ይላል። ሌላው «ማንም በርትቶ ከሠራ ይደርስበታል» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም አባባሎች ከወሬ አልፈው የውሳኔ መሠረት ሆነዋል። መልማዩ የትኛውን ልጅ አስቀርቶ የትኛውን እንደሚያሰናብት፣ ወላጅም ለየትኛው ልጁ ገንዘብና ጊዜ እንደሚያወጣ የሚወስኑት ብዙ ጊዜ እነዚሁ አባባሎች ናቸው።

ጥያቄውን አሁን እንደገና ለማንሣት ተጨማሪ ምክንያት አለ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ቤዝቦል ከሶፍትቦል ጋር በ2028ቱ የሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ እንዲመለስ በ2023 ተወስኗል። ቤዝቦል5 የሚባለው አጭር የጎዳና ዓይነቱ ደግሞ በአፍሪካ ምድር የመጀመሪያ ለሆነው የ2026 የዳካር የወጣቶች ኦሊምፒክ በይፋዊ ውድድርነት ተመዝግቧል። በዚህ ምክንያት ስፖርቱ እምብዛም በማይታወቅባቸው ከተሞች ጭምር «ለዚህ የተፈጠረ ልጅ ይገኛል ወይ?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ጥያቄው የተነሣበት መንገድ ግን ራሱ ችግር አለበት። ተሰጥኦና ሥልጠና ስንት በስንት እንደሚካፈሉ አስቀድሞ የተቆረጠ ድርሻ የለም፤ ድርሻው የሚለዋወጠው እንደ ሥራው ዓይነት ነው። ይህን በግልጽ ለማየት ከበሮንና ቤዝቦልን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይረዳል።

ሁለት ዓይነት ምት

ላይ ላዩን ሲታይ ከበሮ መቺውም የቤዝቦል መቺውም የሚያደርጉት ተመሳሳይ ነው። ሁለቱም ትክክለኛውን ቦታ በትክክለኛው ቅጽበት መምታት አለባቸው፤ ሁለቱም ቅጽበቱን ካሳቱት የእጃቸው ጉልበት ዋጋ የለውም። ልዩነቱ ቅጽበቱን የሚወስነው ማን ነው የሚለው ላይ ነው። ከበሮው ከቦታው አይንቀሳቀስም፤ ምቱ የሚያርፍበትን ጊዜ የሚመርጠው መቺው ራሱ ወይም አብረውት የሚጫወቱት ናቸው። ቢዘገይ ወዲያው ጆሮው ይነግረዋል፣ በሚቀጥለው ምት ያስተካክላል፣ ደጋግሞም ብቻውን ሊለማመደው ይችላል።

በቤዝቦል ነገሩ ይገለበጣል። ኳሱን የሚወረውረው ተጫዋች ፒቸር ይባላል፤ በዱላ የሚመታው ባተር ነው። ከዚህ በኋላ ወርዋሪና መቺ እንላቸዋለን። ወርዋሪው የተቃራኒ ቡድን ሰው ነው፤ ሥራው መቺውን ማሳሳት ነው። ኳሱ መቼ እንደሚደርስ፣ በምን ፍጥነት እንደሚመጣ፣ መጨረሻ ላይ ወደየት እንደሚታጠፍ የሚወስነው እሱ ነው። የስፖርት ሳይንስ ባለሙያዎች የመጀመሪያውን ዓይነት «ዝግ ክህሎት»፣ ሁለተኛውን «ክፍት ክህሎት» ይሉታል። ዝግ ክህሎት ሁኔታው በባለሙያው ቁጥጥር ሥር ያለበት፣ ክፍት ክህሎት ደግሞ ከውጭ ለሚመጣና ለማይታወቅ ነገር ምላሽ መስጠት የሚጠይቅ ነው። ድንበሩ ፍጹም አይደለም፤ ከባንድ ጋር የሚጫወት ድራመር ከባልደረቦቹ የሚመጣውን ሁሉ ማንበብ አለበት። ነገር ግን ባልደረቦቹ ሊያሳስቱት አይፈልጉም፤ ይህ ትልቅ ልዩነት ነው።

የአራት አሥረኛ ሰከንድ ሥራ

በአሜሪካ ትልቁ ሊግ ወርዋሪው የሚቆምበት ቦታ መቺው ካለበት የ18.44 ሜትር ርቀት አለው። ወርዋሪው ወደ ፊት ተራምዶ ኳሱን ሲለቅ ርቀቱ ወደ 17 ሜትር ዝቅ ይላል። ኳሱ በሰዓት 153 ኪሎ ሜትር ከተወረወረ መቺው ዘንድ ለመድረስ የሚፈጅበት ጊዜ 0.4 ሰከንድ ገደማ ነው። ዱላውን ለማወዛወዝ ብቻ 0.15 ሰከንድ ያህል ያስፈልጋል። በተረፈው ሩብ ሰከንድ ውስጥ ዓይን ማየት፣ አእምሮ መወሰን፣ ትእዛዙም ወደ ጡንቻ መድረስ አለበት። የኳሱ ስፋት 7.3 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ የዱላው ወፍራም ክፍል ከ6.6 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም፤ ሁለቱም ክብ ናቸው። በረጅም የውድድር ዘመን ከ10 ሙከራ 3ቱን የሚያሳካ መቺ ከምርጦቹ ተርታ የሚመደበው ለዚህ ነው።

ይህን ሁሉ የሰማ ሰው «እንግዲህ መቺው እንደ መብረቅ ፈጣን ሰው መሆን አለበት» ቢል አይፈረድበትም። መረጃው ግን ወደ ሌላ አቅጣጫ ይመራል። አልበርት ፑሆልስ የዘመኑ አስፈሪ መቺ በነበረበት በ2006 በሴንት ሉዊስ በሚገኘው ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተፈትኖ ነበር። ብርሃን ሲበራ ቁልፍ የመጫን ዓይነት ተራ የምላሽ ፍጥነቱ ከተራ ተማሪዎች አማካይ ብዙም የራቀ ሆኖ አልተገኘም። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ በ2004 የሆነው ደግሞ ይበልጥ ያስተምራል። የሶፍትቦል ወርዋሪዋ ጄኒ ፊንች በአንድ የትርኢት ጨዋታ ፑሆልስንና ሌሎች ታላላቅ የቤዝቦል መቺዎችን ኳስ ሳያስነካ አሰናበተቻቸው። ሶፍትቦል ኳሱ ተለቅ ያለ፣ ርቀቱ 13.1 ሜትር ብቻ የሆነ፣ ውርወራውም ከታች ወደ ላይ የሆነ የቤዝቦል ዘመድ ነው። ፍጥነቱ በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር ትንሽ የሚበልጥ ቢሆንም ርቀቱ ስለሚያጥር ኳሱ ለመድረስ የሚፈጅበት ጊዜ ከቤዝቦሉ ጋር ያው ነው። ኳሱ ደግሞ ይበልጣል። እንዲህ ከሆነ ያን ቀን መቺዎቹ ያጡት ነገር ምን ነበር?

ያጡት ንባብ ነው። ልምድ ያለው መቺ ኳሱን ጠብቆ አይመታም፤ ኳሱ ከእጅ ከመውጣቱ በፊት የወርዋሪውን ትከሻ፣ የክርኑን ከፍታና የእጅ አንጓውን አያያዝ አንብቦ፣ ከእጅ እንደወጣ ደግሞ የኳሱ ቀይ ስፌት የሚሽከረከርበትን አቅጣጫ አይቶ፣ ወዴት እንደሚደርስ አስቀድሞ ይተነብያል። ተመራማሪዎች ቪዲዮውን ኳሱ ከእጅ በሚለቀቅበት ቅጽበት ላይ እየቆረጡ ሲያሳዩ፣ ልምድ ያላቸው ተጫዋቾች የውርወራውን ዓይነት ከጀማሪዎች በተሻለ ይገምታሉ። እንዲያውም አሠልጣኞች ሁሉ የሚሉት «ዓይንህን ከኳሱ አትንቀል» የሚለው ምክር በትክክል ሊፈጸም አይችልም፤ ኳሱ በመጨረሻዎቹ ሁለት ሜትር ገደማ ዓይን ሊከተለው ከሚችለው በላይ ይፈጥናል። ፊንች ስትወረውር የመቺዎቹ ዓይንና ጡንቻ አልተለወጠም። ከቤዝቦል ወርዋሪዎች ያጠራቀሙት የሰውነት እንቅስቃሴ መዝገብ ግን ለእሷ አወራወር አልሠራም። ከሩቅ ሲታይ ተፈጥሮ የሚመስለው የምላሽ ፍጥነት አብዛኛው በዓመታት የተጠራቀመ ንባብ መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ አጋጣሚ ማግኘት ይከብዳል።

በቅርጫት ኳስ አቻ ያልነበረው ማይክል ጆርዳን ታሪክም እዚሁ ይገባል። በ1994 በ31 ዓመቱ ወደ ቤዝቦል ተሻግሮ ለበርሚንግሃም ባረንስ የታችኛው ሊግ ቡድን ሲጫወት፣ ኳስ የመምታት ውጤቱ ከመቶ 20 ያህል ብቻ ነበር፤ 114 ጊዜም ሳይመታ ተሰናብቷል። በአካል ብቃት ማንም ሊያማው አይችልም። ከትምህርት ቤት በኋላ ያልተጫወተውን ጨዋታ ሌሎች በአሥራ አራትና በአሥራ አምስት ዓመት ያነበቡትን እሱ በአንድ የውድድር ዘመን ማንበብ ነበረበት። (ያም ሆኖ በዚያው ዓመት መጨረሻ በአሪዞና በተደረገ ውድድር ውጤቱ ወደ ከመቶ 25 ከፍ ማለቱ ብዙ ጊዜ ይረሳል። ለአንድ ዓመት ጀማሪ ይህ መጥፎ አይደለም።)

ይህ ማለት ግን በቤዝቦል ተፈጥሮ ድርሻ የለውም ማለት አይደለም። በ1990ዎቹ በሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ተጫዋቾች ላይ ለአራት ዓመታት የተደረገ የዓይን ምርመራ፣ አማካዩ ተጫዋች መደበኛ ዓይን ያለው ሰው ከ4 ሜትር የሚለየውን ነገር ከ6 ሜትር ገደማ እንደሚለይ አሳይቷል። መነጽር ጉድለትን ያስተካክላል እንጂ እንዲህ ያለ ጥራት በልምምድ አይመጣም። ጥርት ያለ ዓይን ስፌቱን ቀድሞ ያሳያል፤ ስፌቱን ቀድሞ ያየ ልጅ ደግሞ ከአንድ ሺህ ውርወራ የሚማረው ነገር ሌላው ከሚማረው ይበልጣል። ስለዚህ በዚህ ስፖርት ተፈጥሮና ሥልጠና በየራሳቸው ቆመው የሚደመሩ አይደሉም፤ ተፈጥሮው ሥልጠናው ምን ያህል እንደሚያተርፍ ይወስናል። ሥልጠናው የሌለበት ሹል ዓይን ግን፣ ጆርዳንን አይተን እንደምንረዳው፣ ብቻውን ኳስ አይመታም።

የከበሮው በር ሰፊ ነው

ወደ ከበሮው ስንመለስ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። ምትን የመስማት ችሎታ የጥቂቶች ሀብት አይደለም። በ2009 የታተመ ጥናት በተኙ አራስ ሕፃናት ላይ ተደርጎ፣ ከሚጠበቀው ቦታ ላይ ዋናው ምት ሲቀር የሕፃናቱ አእምሮ መደንገጡን መዝግቧል። ምት ፈጽሞ የማይሰማቸው፣ ከሙዚቃ ጋር መወዛወዝ የማይችሉ ሰዎች መኖራቸው በ2011 ከካናዳ በቀረበ ሪፖርት ቢታወቅም እንዲህ ያሉት ሰዎች እጅግ ጥቂት ናቸው። የዘር ውርስም ተፈትሿል። በ2022 ከ600,000 በላይ ሰዎች «ከሙዚቃ ጋር በምቱ ማጨብጨብ ትችላለህ?» ተብለው የሰጡት መልስ ከዘረመላቸው ጋር ሲነጻጸር 69 የዘረመል ቦታዎች ተለይተዋል። ብዙ መገናኛ ብዙኃን ይህን ውጤት «የምት ዘረመል ተገኘ» ብለው አወሩት። ውጤቱ የሚናገረው ግን ተቃራኒውን ነው፤ እያንዳንዱ ቦታ ያለው ተጽዕኖ እጅግ ትንሽ በመሆኑ አንድን ልጅ ከበሮ መቺ የሚያደርግ ነጠላ ዘረመል የለም ማለት ነው።

በሐረርም ሆነ በድሬዳዋ «በደሙ ነው» የሚባለው ነገር ከፍተኛ ክፍሉ የሚገኘው በጆሮ ነው። በ2005 የታተመ የሰሜን አሜሪካ ጥናት፣ የስድስት ወር ሕፃናት የባልካን አገሮችን ያልተስተካከለ ምት ሲዛባ እንደሚለዩት፣ አዋቂ አሜሪካውያን ግን እንደማይለዩት አሳይቷል። በ12 ወር ሕፃናቱም ወደ አዋቂዎቹ እየቀረቡ ይመጣሉ፤ አዲሱን ሙዚቃ ለሁለት ሳምንት ያህል ካሰሟቸው ግን ይመለስላቸዋል። ጆሮ በመጀመሪያው ዓመት በአካባቢው ሙዚቃ ይቃኛል ማለት ነው። እዚህ ያደገ ልጅ በስድስት የሚቆጠረውን ችክችካ ሳያስብ በጭብጨባ ይከተለዋል፤ በሌላ ሙዚቃ ያደገ የሠለጠነ ድራመር ግን ዋናውን ምት የት እንደሚያስቀምጥ ይቸገራል። የድራመሩ እጅ ብቁ ነው፤ ጆሮው ግን ገና አልተቃኘም።

በሐረር ጀጎል ውስጥ ይህ መቃኘት እንዴት እንደሚሆን ቀረብ ብሎ ማየት ይቻላል። ዚክሪ በሚደረግበት ቤት ከረቡ የሚባለው ከበሮና ከበል የሚባሉት የእንጨት ማጨብጨቢያዎች አብረው ይሄዳሉ፤ የተቀመጠው ሰው ሁሉ በጭብጨባና በቅብብሎሽ ይሳተፋል። ከበሉ ጠንካራና ደረቅ ድምፅ ስላለው የምቱን አጥንት ያሳያል፤ ከረቡው በእሱ ላይ ይለሰልሳል ወይም ያከብዳል። በሠርግ የአፎቻ (የመረዳጃ ማኅበር) ሴቶች ዘፈንና ከበሮ፣ ከሸዋል ጾም በኋላ በሚከበረውና በ2023 በዩኔስኮ በተመዘገበው ሹዋሊድ ደግሞ መላው ከተማ አለ። ልጁ «ትምህርት ቤት» የሚባል ነገር ሳያይ በልጅነቱ ብዙ ሺህ ሰዓት ሙዚቃ ሰምቷል፣ አጨብጭቧል፣ ታርሟል። ከዚያ አንድ ቀን ከበሮ ሲሰጠው በደንብ ይመታና ሰው ሁሉ «ማን አስተማረው?» ብሎ ይደነቃል። ያስተማረው ብዙ ሰው ነው፤ ትምህርቱ ስላልተመዘገበ ብቻ ነው ተፈጥሮ የሚባለው።

በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ይህንኑ ሥራ በግልጽ የሚሠራ ትምህርት አለ። የጎንደር በዓታ በምስክርነት በምትታወቅበት የአቋቋም ትምህርት፣ ተማሪው ጸናጽልና መቋሚያውን ከዜማው ጋር ለማስማማት፣ በአዘማመሩ ደረጃዎች ከዝማሜ ወደ መረግድ፣ ከመረግድ ወደ ጽፋት ሲታለፍም የከበሮውን ለውጥ ለመጠበቅ ዓመታትን ያሳልፋል። ሁለቱን ሥርዓቶች ያነጻጸረ ሰው የሚያየው ነገር ቢኖር አንዱ መምህር፣ ፈተናና ምስክርነት ያለው፣ ሌላው በኑሮ ውስጥ የተሰወረ መሆኑን ነው። በሁለቱም ውስጥ ድግግሞሹ አለ።

ዘመናዊው ድራም የሚጠይቀው ቴክኒክ ደግሞ ራሱን የቻለ ነገር ነው። ሩዲመንት የሚባሉት መሠረታዊ የእጅ ቅደም ተከተሎች በዓለም አቀፍ ደረጃ ተቀባይነት ባገኘው ዝርዝር 40 ናቸው። ከእነዚህ አንዱ የሆነው ፓራዲድል ቀኝ-ግራ-ቀኝ-ቀኝ፣ ግራ-ቀኝ-ግራ-ግራ ይመታል። በዝግታ ማንም ይሠራዋል፤ ችግሩ ሲፈጥን ይመጣል። ሁለቱን ተከታታይ የአንድ እጅ ምቶች በጡንቻ ጉልበት የሚያወጣ ሰው ቶሎ ይደክማል፣ ሁለተኛው ምትም ከመጀመሪያው ያንሳል። ያወቀበት ግን ዱላው ከቆዳው ላይ ነጥሮ ሲመለስ ጣቶቹን ከፍቶ በመዝጋት ሁለተኛውን ምት ከንጥረቱ ያገኘዋል። ይህ ከማንም ጋር አይወለድም፤ ካላሳዩት በቀር አብዛኛው ሰው በራሱ አያገኘውም። በራሱ ተምሮ በከፍተኛ ደረጃ የሚጫወት ልጅ ብዙ ጊዜ አንድ ቦታ ላይ ደርሶ የሚቆመውም እዚህ ላይ ነው።

«አልለማመድም» ይል የነበረው አሜሪካዊው የጃዝ ድራመር በዲ ሪች የተሰጥኦ ወገን ዋና ምስክር ሆኖ ይጠራል። ኖታ እንደማያነብም ይታወቃል። ምስክርነቱ ግን ጎደሎ ነው፤ በዲ ሪች ከወላጆቹ የመድረክ ትርኢት ጋር ከበሮ መምታት የጀመረው ሁለት ዓመት ሳይሞላው ነበር። ብቻውን ተቀምጦ አልተለማመደ ይሆናል፤ ሕይወቱን በሙሉ ግን በሕዝብ ፊት ተለማምዷል። ያም ሆኖ እንደ እሱ በሕፃንነታቸው መድረክ ላይ የወጡ ብዙ ልጆች እሱን አለመሆናቸው መረሳት የለበትም። የከበሮው መግቢያ በር ሰፊ ነው ማለት የመጨረሻው ክፍልም ሰፊ ነው ማለት አይደለም።

ጥናቶቹ ያሉትና ያላሉት

የ«ሠርቶ ነው» ወገን ብዙ ጊዜ 10,000 ሰዓት የሚለውን ቁጥር ይጠቅሳል። ቁጥሩ የመጣው የሥነ ልቦና ተመራማሪው አንደርስ ኤሪክሰን ከባልደረቦቹ ጋር በ1993 በበርሊን የቫዮሊን ተማሪዎች ላይ ካሳተመው ጥናት ነው። ምርጦቹ ተማሪዎች 20 ዓመት ሲሞላቸው በአማካይ ከ10,000 ሰዓት በላይ ለብቻቸው ተለማምደው ነበር። ቁጥሩ በሕዝብ ዘንድ የተሰራጨው ከ2008 በኋላ ሲሆን፣ ሲሰራጭ አማካይ መሆኑ ቀርቶ ደጃፍ ሆነ፤ 10,000ን የተሻገረ ሁሉ ሊቅ ይሆናል ተባለ። ኤሪክሰን ራሱ ይህን ተቃውሟል። እሱ ያለው ሰዓቱን መቁጠር አይደለም፤ ድክመትን ለይቶ፣ ከመምህር እርማት እየተቀበሉ፣ ከአቅም ትንሽ ከፍ ያለውን መሥራት ነው። ይህም «የታቀደ ልምምድ» ይባላል። የሚያውቀውን ምት ለአሥር ዓመት የሚደጋግም ከበሮ መቺ በዚህ መለኪያ አልተለማመደም።

በ2014 የቀድሞ ጥናቶችን ሰብስቦ የመረመረ ሥራ፣ የታቀደ ልምምድ በሰዎች መካከል ካለው የብቃት ልዩነት በሙዚቃ 21 በመቶውን፣ በስፖርት 18 በመቶውን እንደሚያስረዳ አሳየ። የ«በደሙ ነው» ወገን ይህን ሲሰማ «እንግዲህ ቀሪው 80 በመቶ ተፈጥሮ ነው» ይላል። ይህ ስሌት ስሕተት ነው። በቀሪው ውስጥ ተፈጥሮ አለ፤ የጀመሩበት ዕድሜ፣ የመምህሩ ጥራት፣ ምግብ፣ ጉዳት፣ ዕድልና የመለኪያው ጉድለትም አሉ። ከሁለት ዓመት በኋላ የወጣ ተከታይ ሥራ ደግሞ በከፍተኛ ደረጃ ባሉ አትሌቶች መካከል ልምምዱ የሚያስረዳው ልዩነት 1 በመቶ ብቻ መሆኑን ገለጸ። ይህም ቢሆን ልምምድ ጥቅም የለውም ማለት አይደለም። እዚያ ደረጃ የደረሱት ሁሉ እጅግ ብዙ ስለሠሩ በሥራ ብዛት አይለያዩም ማለት ነው። እንዲህ ያሉ ቁጥሮች የሚናገሩት በሰዎች መካከል ስላለው ልዩነት እንጂ በአንድ ሰው ውስጥ ችሎታው ከምን እንደተሠራ አይደለም፤ ክርክሩ የሚደናበረው በአብዛኛው ይህን ባለመለየት ይመስላል።

ለተፈጥሮ ወገን ጠንካራው ማስረጃ ከስዊድን መንትዮች የመጣ ነው። በ2014 ከ10,000 በላይ መንትዮች የተካተቱበት ጥናት፣ አንድ ዓይነት ዘረመል ካላቸው መንትዮች መካከል ብዙ የተለማመደው ምትንና ዜማን በመለየት ፈተና ካልተለማመደው ወንድሙ የተሻለ አለመሆኑን አሳይቷል። የልምምድ ፍላጎትም ራሱ በከፊል በዘር የሚመጣ ሆኖ ተገኝቷል። ይህ መዘንጋት የሌለበት ውጤት ነው፤ ልጁ ከበሮውን የማይለቀው ተፈጥሮው ስለሳበው ሊሆን ይችላልና። ፈተናው ግን ጆሮን እንጂ እጅን አልለካም። ፓራዲድልን ያልተለማመደ መንትያ ከተለማመደው እኩል ይመታል የሚል ሰው የለም።

መልማይ ለምን ይሳሳታል

ተሰጥኦን በዓይን አይቶ መለየት የሚቻል ቢሆን ኖሮ የአሜሪካ ቤዝቦል ክለቦች ቀዳሚ ይሆኑ ነበር፤ ለዚሁ ሥራ የሚከፈላቸው ባለሙያዎች ብዙ ናቸው። ፑሆልስ በ1999 ሲመለመል የተጠራው 402ኛ ሆኖ ነው። በኋላ የክብር አዳራሽ የገባው ማይክ ፒያዛ በ1988 የተጠራው 1,390ኛ ሆኖ ነበር። እርግጥ እነዚህ ለየት ያሉ ናቸው፤ በመጀመሪያው ዙር የተጠሩት በአማካይ ከኋለኞቹ ርቀው ይሄዳሉ፣ ስለዚህ መልማዮቹ ምንም አያውቁም ማለት አይቻልም። አማካዩን ያውቁታል፤ ግለሰቡን ግን ብዙ ጊዜ ይስቱታል።

ከስሕተቶቹ አንዱ በቁጥር የሚታይ ነው። በአሜሪካ የልጆች ቤዝቦል የዕድሜ ክፍል ለረጅም ጊዜ የሚቆረጠው በሐምሌ (ጁላይ) መጨረሻ ቀን ነበር፤ በዚህ የተነሣ ነሐሴ (ኦገስት) ላይ የተወለደ ልጅ በክፍሉ ትልቁ፣ ሐምሌ ላይ የተወለደው ደግሞ ትንሹ ይሆናል። ከዓመታት በኋላ በትልቁ ሊግ ውስጥ ነሐሴ የተወለዱት አሜሪካውያን ሐምሌ ከተወለዱት በግልጽ በዝተው ተገኙ። ተፈጥሮ ወራትን አትመርጥም። በዘጠኝ ዓመቱ በ11 ወር የሚበልጠው ልጅ «ተሰጥኦ አለው» ተባለ፣ ብዙ ጨዋታ ተሰጠው፣ የተሻለ አሠልጣኝ አገኘ፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ፍርዱ ራሱን አረጋገጠ። የልደት ቀን በአግባቡ በማይመዘገብበት አካባቢ ይህ ዓይነቱ ስሕተት የሚበረታ እንጂ የሚቀንስ አይሆንም።

የዶሚኒካን ሪፐብሊክ ነገርም ተመሳሳይ ትምህርት አለው። ወደ 11 ሚሊዮን ሕዝብ ያላት ይህች የካሪቢያን አገር በአሜሪካ ትልቁ ሊግ ከሚጫወቱት 10 ሰዎች አንዱን ያህል ታበረክታለች፤ እዚያም «በደማቸው ነው» ይባላል። በመንደሩ ግን ቪቲላ የሚባል ጨዋታ አለ፤ ልጆች የትልቅ ውኃ መያዣ ክዳን እየወረወሩ በመጥረጊያ እንጨት ይመታሉ። ክዳኑ በአየር ላይ እየተንሳፈፈ አቅጣጫውን ይቀይራል፤ እንጨቱም ቀጭን ነው። ቪቲላን የሚመታ ልጅ የሚታጠፍ ኳስ ማንበብን ዱላ ከመያዙ በፊት ጀምሮታል። በዚያ ላይ 30ዎቹም የሊጉ ክለቦች በአገሪቱ የሥልጠና ማዕከል አላቸው፣ ድህነቱም ልጁን ወደዚያ ይገፋዋል። በእኛ አገር ስለ በቆጂ ሯጮች የሚደረገውን ክርክር የሚያውቅ አንባቢ ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም።

በድሬዳዋና በሐረር ሜዳ ላይ ሲወርድ

ሁለቱም አባባሎች የየራሳቸው ጉዳት አላቸው። «በደሙ ነው» የሚለው በጊዜ የዘገየውን ልጅ፣ ሙዚቃ ከሌለበት ቤት የመጣውን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አደባባይ ወጥታ ለመሞከር ዕድል ያልተሰጣትን ልጅ ያስቀራል። «ተሰጥኦ አለህ» የተባለውንም ቢሆን አይጠቅመውም፤ ስሙን ላለማጣት የማይችለውን ከመሞከር ይሸሻል፣ የዱላውን ንጥረት የሚያስተምረው ሰው ሲመጣ «እኔ በራሴ ነው የቻልኩት» ይላል። በአንጻሩ «ማንም ከሠራ ይደርሳል» የሚለው ያልደረሰውን ልጅ ሰነፍ ያደርገዋል፤ አካሉንም ሊጎዳ ይችላል። በአሜሪካ ከ1974 ጀምሮ የሚደረገው፣ በመጀመሪያ ታካሚው በቶሚ ጆን ስም የሚጠራው የክርን ጅማት ቀዶ ሕክምና ዛሬ በአሥራዎቹ ዕድሜ ወዳሉ ልጆች ወርዷል። ዋናው ምክንያት ዓመቱን ሙሉ ያለ ዕረፍት መወርወር ነው። በተጨነቀ አያያዝ ለሰዓታት የሚመታ ጀማሪ ድራመርም የእጅ አንጓ ሕመም እንግዳ አይሆንበትም።

ከላይ የታየው ልዩነት በተግባር ሲተረጎም ምልመላው እንደ ሥራው ዓይነት መለያየት አለበት። ለከበሮና ለድራም በልጅነት ማጣራት ብዙም ትርጉም የለውም። በሩ ሰፊ ስለሆነ፣ የባህል ቡድኖችና የወጣት ማዕከላት የሚያዋጣቸው ብዙ ልጆችን አስገብተው የንጥረቱን ቴክኒክ ቶሎ ማሳየት፣ ከዚያም ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ ማን እንደቀጠለ ማየት ነው። ድሬዳዋ ለዚህ ባዕድ አይደለችም፤ ዓሊ ቢራን ያወጣው አፍረን ቀሎ ወጣቶች ከታላላቆቻቸው ጋር እየተጫወቱ የሚማሩበት ቡድን እንጂ የተጣሩ ልጆች ስብስብ አልነበረም።

ፈጣን ነገርን ማንበብ ለሚጠይቁ ስፖርቶች ደግሞ የዓይን ምርመራ ከሩጫ ፈተና ይቀድማል፤ ርካሽም ነው፣ መነጽር የሚያስፈልገውንም ልጅ በዚያው ያገኛል። ከዚህ ውጪ የአንድ ቀን ፈተና የሚያሳየው ልጁ እስካሁን የሠራውን እንጂ ሊሠራ የሚችለውን አይደለም። ሁለት ጊዜ ፈትኖ በመካከል ሥልጠና መስጠትና ልጁ ምን ያህል እንደተሻሻለ መለካት ከአንድ ቀን ትርኢት የተሻለ መረጃ ይሰጣል። አሠልጣኞች «ጊዜ የለንም» ሊሉ ይችላሉ፤ እውነትም በአብዛኛው የላቸውም። ቢያንስ የሰጡት ፍርድ ጊዜያዊ መሆኑን ለልጁና ለወላጁ መንገር ግን ጊዜ አይወስድም።

ቤዝቦል5ን በተመለከተ አንድ ቴክኒካዊ ነገር ከወዲሁ መታወቅ አለበት። ጨዋታው ዱላም ጓንትም አይፈልግም፤ አምስት አምስት ተጫዋቾች በአንድ የጎማ ኳስ ይጫወቱታል፣ በድሬዳዋ ሠፈሮች በሳቢያንም ሆነ በከዚራ አንድ ጠፍጣፋ ቦታ ይበቃዋል። ወርዋሪ ግን የለበትም፤ መቺው ኳሱን በእጁ ይዞ ራሱ ይመታል። ስለዚህ ከላይ ስንተነትነው የቆየነው የሩብ ሰከንድ ንባብ በዚህ ጨዋታ ውስጥ የለም፤ ምቱ እንደ ከበሮው መቺው በመረጠው ቅጽበት የሚሆን ዝግ ክህሎት ነው፣ ክፍት የሆነው ኳሱን መያዝና መሮጥ ነው። በቤዝቦል5 ጎበዝ የሆነን ልጅ «ለቤዝቦል የተፈጠረ» ብሎ መመደብም፣ በእሱ ያልተሳካለትን ከቤዝቦል ማስቀረትም፣ ገና ያልተለካን ችሎታ እንደ ተለካ መቁጠር ይሆናል።